ሁለት ዓይነት ሶላር

ሬምባንግ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን

ለልጄ ለሩሚያቲ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ታይዋን ድረስ ይድረስሽ። ጎረቤታችን ካርሲህ «በስልክ ልጻፍልዎት» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ፊደሌ ቢንጋደድም የራሴ ነው። እናትሽ ነፍሷን ይማርና ያስተማረችኝ ይበቃኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል።

የላክሽው ዕቃ ደርሷል። «አባባ፣ ሶላር ልኬልዎታለሁ» ስትይ እኔ ምን ላድርግ፣ እዚህ እኛ አገር ዕድሜ ልኬን ሶላር ማለት ጀልባዬ የምትጠጣው ናፍጣ ነው። ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዤ ዕቃ መረከቢያው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ጀሪካኖቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በካርቶን የታሸገ ሰፊ ጥቁር መስታወት አስረከበችኝ። ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ ነው አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። ታዲያ ጀሪካኑ ለምንድነው ስትል «ለውሃ» አልኩ።

ዓሣ አጥማጁ ዳርሶኖ ይህን ሰምቶ እስካሁን አልተወኝም። «ጋሽ ታርሙጂ፣ ያን መስታወት በየት በኩል ነው ሞተሩ ውስጥ የምታንቆረቁረው?» ይለኛል ሰው ፊት። «አፍህን ክፈትና አሳይሃለሁ» አልኩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሶላር ድሮ ከቤንዚን ይረክስ ነበር፣ ዛሬ ለምን ተወደደ፤ እንዲህ ከሆነ ለጀልባዋ ሶላር መግዣ የሥራ ኮንትራቴን ሦስት ዓመት ላድስ ወይ ብለሻል። ድጎማ ያለበት ዛሬም ይረክሳል። ግን የፈቃድ ወረቀት ይዘሽ ስትሰለፊ ተራሽ ሳይደርስ ያልቃል። ያለ ድጎማ የሚሸጠው ሞልቷል፤ ከቤንዚን በላይ የወጣው እሱ ነው። ሰልፉ ጋ የቆመ አንድ የቦቴ ሾፌር ጠየቅሁ። ድፍድፉ ነዳጅ ሲፈላ ቤንዚኑ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሶላር ከበድ ስለሚል ከሱ በታች ይቀራል አለኝ።

«እንግዲያ ላይ የወጣው ነዋ ውድ መሆን ያለበት። የኮኮናት ወተት የመጀመሪያው ጭማቂ አይደል የሚወደደው?»

«አባት፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ጠጪው ነው» አለ። «ቤንዚን የሚጠጣው ሞተር ብስክሌትና የቤት መኪና ነው። የእርስዎን ሶላር ግን ከባድ መኪናው፣ መርከቡ፣ ትራክተሩ፣ ፋብሪካው ይሻማዎታል። ብርድ አገር ደግሞ ቤት ያሞቁበታል። እነሱ ሲበርዳቸው እኛ እንከፍላለን።»

እዚያው አላመንኩትም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አንቺ ያለሽበት አገር ትዝ አለኝ። አሁን ይበርዳል? የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌ ቤታቸው በምን ይሞቃል? በሶላር ከሆነ፣ ሶላሬንም የወሰዱት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ይህን በቀልድ ነው የጻፍኩት። ምግብ ደህና ይበላሉ? ስታቀርቢላቸው አብረሻቸው ትበያለሽ ወይስ ቆመሽ ነው?

ስለ ኮንትራቱ፣ ባለፈው ሳምንት የጀልባዋን ሞተር ለዳርሶኖ ሸጥኩለት። እጄ ደክሞ አይደለም። ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ጀልባዋ አሸዋው ላይ ተገልብጣ የዶሮ ጥላ ሆናለች። ከዚያም በኋላ ሰልፉን አልተውኩም ነበር፤ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ እቆማለሁ፣ ሰው ያወራል፣ ይሳደባል፣ ቀኑ ይሄዳል። ትናንት ወረቀት የሚያየው ሰውዬ «ሞተር የሌለው አይሰለፍም» ብሎ መለሰኝ። ይሁን፣ ሕጉ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ የሶላር ወጪ የለብኝም። ለሶላር ብለሽ የምታድሺው ነገር የለም። በሌላ ጉዳይ ከሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ነይም ሂጂም የምል ሰው አይደለሁም።

መስታወትሽን ጣሪያው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ማታ የበረንዳውን አምፖል ያበራል። ለአንድ ሰው ይህን ያህል መብራት ምን ያደርጋል ብዬ ላጠፋው ነበር። የኛን ሶላር ስለማይጠጣ ግን እንደበራ እተወዋለሁ። ከአውቶቡስ መውረጃው ድረስ ይታያል። ሄጄ አይቻለሁ።

ጀርባሽን ብርድ አይንካው። አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ።

አባትሽ ታርሙጂ፣ በገዛ እጄ