ያላንኳኳሁት ሲሊንደር

ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ደህና እንዳልሆንሽ እማዬ ነግራኛለች፤ ቢሆንም መጠየቅ ወግ ነውና ጠየቅኩሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፤ ወገቤ ብቻ እንደ ልማዱ ያኮርፋል።

ስልክ አታነሺም። አስራ ሰባት ጊዜ ደወልኩልሽ። በአስራ ስምንተኛው እማዬ አነሳችና እህትህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፣ እጇን ስትታጠብ ስትታጠብ ቆዳዋ ተላጠ አለችኝ። እንግዲህ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቀጂው። እማዬ፣ አንቺም ከትከሻዋ በላይ የምታነቢ ከሆነ ዞር በይልን።

መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፤ እሱ ካልወጣ ዋናው ነገር አይወጣልኝም።

የሆስፒታሉ በር ላይ የሰቀሉት ጨርቅ አሁንም አለ። «ጀግኖቻችን» ይላል። ጀግናው ግን በአንድ ጭምብል ሳምንት ይከርም ነበር። በወረርሽኙ ሰሞን ሰፈርተኛው በየበረንዳው ወጥቶ ያጨበጨበልን ጊዜ ትዝ ይልሻል? በነጋታው አከራዬ ከቧንቧው እንዳትቀዳ አለችኝ። እሜቴ፣ ትላንት ሲያጨበጭቡ ካየኋቸው እጆች ሁለቱ የእርስዎ ነበሩ ብላት፣ ታጥቤያቸዋለሁ አለችኝ።

እሱስ ይሁን። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ፣ ከረባት የምንለው፣ ቢሮው ጠራኝና አንድ ወረቀት አሳየኝ። የአምስት ቁጥር አልጋውን ታካሚ የኦክስጅን ሲሊንደር ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ ለሞቱ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ ይላል። ከሥሩ ያንቺ ፊርማ። ከረባት ፈገግ ብሎ፣ እህትህ ሐቀኛ ናት፣ ሐሙስ አጣሪ ኮሚቴው ይህን አይቶ ፋይሉን ይዘጋል፣ አንተም በምስክርነት ፈርምበት አለኝ። ብዕሩን ተቀበልኩ። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልተመለስኩም፤ ብዕሩም እኔ ጋ ነው፣ ይሄን የምጽፍልሽ በእሱ ነው።

አሁን ስሚኝ። ያን ቀን የሆነውን ግማሹን ነው የምታውቂው። ሌላው ግማሽ አራት ወር ሙሉ እኔ ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ያንቺን የነርስ ደብተር እየገለጥኩ ፊደል ያጠናከርኩ ሰው ነኝ። የሲሊንደሩን ነገር ግን ደብተርም አላስተማረኝም። በመፍቻ ኳ ስታደርጊው ሙሉው ታፍኖ ይቀራል፣ ባዶው እንደ ደወል ይጮሃል። የግፊት መለኪያ ጌጆቹ ከተሰባበሩ ወዲህ ዶክተሩ እንኳ ባለጆሮውን ጥሩት ይል ነበር። አንኳኩቼ፣ ሙሉው ላይ በጠመኔ ክብ፣ ባዶው ላይ ኤክስ። እናንተ ጠመኔዬን አይታችሁ ትገጥማላችሁ። እኔ እሰማለሁ፣ እናንተ ታምናላችሁ። ሥራችን ይሄ ነበር።

ከላይ እንግዶች ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ጠዋት ከረባት መጋዘን ድረስ ወረደ። ባዶዎቹን ከሙሉዎቹ ጋር ኮሪደሩ ላይ ደርድራቸው፣ ኤክሱን ጥረግና ክብ አድርግባቸው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው አለኝ። ጌታዬ፣ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል አልኩት። አንተ ተሸካሚ ነህ፣ ሐኪም አይደለህም አለኝ። አደረግኩት። አስራ አራት ባዶ ላይ አስራ አራት ክብ። እውነተኛ ሙሉ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ እንዳይጠፉኝ ብዬ ግራ ጫፍ ላይ አቆምኳቸው። ኋላ ለፎቶው አያምርም ተባለና እኔ ሳላይ መስመሩን አዟዟሩት።

አንቺ የጠራሽኝ እንግዶቹ ገና ሳይወጡ ነው። የአራት ቁጥሯ ነፍሰ ጡር ሲሊንደሯ አልቆ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። የአምስት ቁጥሩን የአባባን ወደ እሷ አዙር፣ ለእሳቸው ከኮሪደሩ ሙሉ አምጣ፣ አምስት ደቂቃ ይችላሉ አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። ይችሉ ነበር። ሮጬ ከግራ ጫፍ አንዱን አመጣሁ፤ ክቡን አይተሽ ገጠምሽው። አባባ ግን ጣታቸው ሰማያዊ እየሆነ ሄደ። አንቺ ደረታቸውን ስትጫኝ፣ በአምስት ደቂቃ ገደልኳቸው፣ በአምስት ደቂቃ ገደልኳቸው ስትይ እኔ እግርጌያቸው ቆሜ ነበር።

የገደላቸው አምስት ደቂቃሽ አይደለም። የገጠምሽላቸው ባዶ ነበር። ሲሊንደሩን መጋዘን መልሼ ሳንኳኳው እንዴት እንደጮኸ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ክቡን በእጅጌዬ ጠረግኩትና ዝም አልኩ። አንቺ ሥራሽን ትተሽ ሻንጣሽን ስትይዢ፣ እኔ ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘሁሽ፤ ያኔም ዝም አልኩ።

ለምን መጀመሪያውኑ አላንኳኳኸውም ትይኛለሽ። አራት ወር ራሴን የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው። መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ከረባት እንግዶቹን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ከእኔ አስር እርምጃ ርቆ ቆሟል። ባዶ እንዴት እንደሚጮህ ደግሞ ነግሬሻለሁ።

አባባን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ልብስ ሰፊው። ትንፋሽ ሲያገኙ ቀልድ አያልቅባቸውም። አንተ ባለበርሜል፣ ይሄን የተተረተረ የቱታ እጅጌ ማን ነው የሰፋልህ፣ ጠላት አለህ እንዴ፣ ስወጣ አስተካክልልሃለሁ ይሉኝ ነበር። ልጃቸው፣ አስተማሪዋ፣ በየሳምንቱ በር ላይ ቆማ የአባቴ የመጨረሻ ሰዓት እንዴት ነበር ትላለች። አንድ ቀን እኔን ጠየቀችኝ። ቢሮ ጠይቂ አልኳት። እኔ፣ ለማንም መልስ የማላጣው ሰውዬ።

በቃኝ። የሆነውን ሁሉ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደታዘዘ፣ ስንት ክብ፣ ስንት ሰው ቆሞ ሲያይ። ፊደሉ ይንጋደድ እንጂ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለአባባ ልጅ፣ አንዱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልሽ። ላስቁመው ብለሽ እንዳትነሺ፤ ይሄ ሲደርስሽ ሐሙስ አልፏል።

ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ተነሺ። የፈረምሽውን ወረቀት፣ ሳላውቅ ነው የፈረምኩት ብለሽ ጽፈሽ ሻሪው። ከዚያ ሥራሽ ላይ ተመለሽ። የአራት ቁጥሯ ባለፈው ሳምንት ልጇን አቅፋ መጥታ ያቺ ሲስተር የት ሄደች ብላ ጠየቀችኝ። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ አልለቅም አለች፤ ጉልበቷ የጉድ ነው።

የቤቴን ቁልፍ ለአከራዬ ሰጥቻታለሁ። ያለ ጓንት በባዶ እጇ ተቀበለችኝ፣ ይሄም አንድ ነገር ነው። ወፍራሙን ሹራብ፣ ሁለት ካልሲና ሳሙና በፌስታል ቋጥሬያለሁ። ምናልባት ለጥቂት ጊዜ ስልክ የማላነሳው እኔ እሆናለሁ፤ እንግዲህ ተራዬ ነው። ለእማዬ በሚቀላት አነጋገር ንገሪያት። ሻይዋ ላይ ስኳር እንዳታበዛም ተቆጫት።

እግዜር እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። እጅሽን ለሰው ትንፋሽ ያቆይልሽ፤ ከውሃው ቧንቧ ደግሞ ያርቅልሽ። ከእማዬ አይለይሽ።

ኮሚቴው ፊት በዚያው ቱታ ነው የምገባው። አላጠብኩትም፤ ጠመኔው እጅጌው ላይ አለ። ስፌቱም እንደተተረተረ ነው።

ታላቅ ወንድምሽ