ቁልፉን አልሰጥም ያሉት እናታችን

እናታችን ከኖራ አቃጣይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። ድንጋይ በእሳት ኖራ ሲሆን እያዩ ስላደጉ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከሁሉም ኬሚስትሪ ቀለላቸው። በላቦራቶሪ ሙያ ሠልጥነው በሃያ አንድ ዓመታቸው በአንድ የድንጋይ ማውጫ ድርጅት የፈንጂ መጋዘን ኃላፊ ሆኑ። ድንጋይ በማፈንዳት ሥራ ላይ ከነበሩት አባታችን ጋር እዚያው ተዋውቀው ትዳር መሥርተዋል።

ሠራተኞቹ «እትዬ ቀስ» ይሏቸው ነበር። አዲስ ሠራተኛ ከመጣ መጋዘኑ በር ላይ አቁመው ሳያስተምሩት አያሳልፉም። ባሩድ ከሺህ ዓመት በፊት ዕድሜ የሚያረዝም መድኃኒት ሲፈልጉ በነበሩ ሰዎች እጅ እንደተገኘ ይነግሩታል። ከሚሠራባቸው ሦስት ነገሮች ድኝና ከሰል ተቀጣጣዮቹ፣ ጨው መሳዩ ናይትሬት ደግሞ ኦክስጅን ሰጪው ነው። «ባሩድ ትንፋሹን በጉያው ይዞ ነው የሚዞር፤ አፍኜ አጠፋዋለሁ እንዳትል» ይሉታል። ድማሚትም ናይትሮግሊሰሪን የተባለ ቁጡ ፈሳሽ በአፈር ተመጦ የተገራ ነውና፣ ሲያረጅ ፈሳሹ እንደ ላብ እየወጣ ወደ ቁጣው ይመለሳል እያሉ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር።

እኔን የመጨረሻ ልጃቸውን ወልደው በፈቃድ ላይ ሳሉ፣ ከሌላ ቦታ አሮጌ የድማሚት ሳጥኖች መጥተው መጋዘኑ ገቡ። ከፈቃድ ተመልሰው ሥራ በጀመሩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሳጥኖቹ እንዲወጡ አዘዙ። እናታችን የሳጥኖቹን ታች በፈሳሽ ወዝቶ አገኙትና በሩን መልሰው ቆለፉ።

«ለዚች ጠብታ ነው ሥራ የምታስቆሚ?» አሏቸው ሥራ አስኪያጁ።

«እኔን ያባርሩኝ፤ ሳጥኑ ግን በሰው ትከሻ አይወጣም።»

ተባረሩ። ቁልፉን ግን ለድርጅቱ አልሰጥም ብለው ለፖሊስ ጣቢያ አስረክበው ባለሙያ እንዲመጣ አመለከቱ። ሳጥኖቹን እንዲያወጡ ከታዘዙት አንዱ አባታችን ነበሩና፣ «በሚስቱ ቀሚስ የተደበቀ» መባሉ አንገብግቧቸው ስድስት ቀን ሙሉ እናታችንን አላነጋገሯቸውም።

በሰባተኛው ቀን የመጣው ባለሙያ ሳጥኖቹን አይቶ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ሰውን ሁሉ አርቆ ባሉበት አፈነዳቸው። መጋዘኑ ከነመሠረቱ ጠፋ፤ የሰው ፀጉር ግን አልተነካም። አባታችን ቤት ገብተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ እኮ ልሸከመው ነበር» ብለው አለቀሱ።

«ታዲያ ለማን ብዬ የቆለፍኩ መሰለህ?» አሏቸው።

ድርጅቱም ይቅርታ ጠይቆ መለሳቸው፤ እስከ ጡረታቸውም አገለገሉ።

ኋላ የልብ ሕመም ያዛቸው። የታዘዘላቸው ኪኒን ናይትሮግሊሰሪን መሆኑን ሲሰሙ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በር ዘግቼበት፣ ምላሴ ሥር ገባ?» ብለው ሐኪሙን አስቀውታል። ሕመማቸው ግን እየበረታ ሄደ፤ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አባታችን እጃቸውን እንደያዙ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። አባታችንን፣ ሦስት ልጆችን፣ ስድስት የልጅ ልጆችንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጭንቀት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለአባታችንም ባዶውን ቤት የሚችሉበት ጉልበት ይስጥልን።