ቀስ ብሎ የሚያድገው

ኅዳር 4
ስድስት ራስ አጠብኩ። እንፋሎቱ ሳሌን ቀሰቀሰው። ገንዳው ላይ የተጋደመችው ደንበኛ ቀና ብላ አፈጠጠችብኝ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ደግሞ፣ "እስኪ ተመርመሪ፣ ሰው እየሸሸ ነው" አለችኝ። እሷ ብሎ ለኔ አሳቢ!

ኅዳር 11
"የሳንባ ነቀርሳ ይመስላል" አለ ሐኪሙ። መድኃኒት ጀመርኩ። አክታዬ ላይ ያለው ተህዋስ ላብራቶሪ ውስጥ አድጎ እስኪለይ ሁለት ወር ይፈጃል አሉ... ሽንኩርት ነው እንዴ?

ከሰዓት የባሌ እህት መጣች፣ ልጄን ልትወስድ። "ለሕፃኗ ስንል ነው።" ባሌ ዝም። እኔም እሺ አልኩ። አራት ዓመቷ ነው፤ ቢይዝብኝስ? ልብሷን ራሴ አጣጠፍኩ። ሳልስማት ሄደች።

ታኅሣሥ 2
በስልክ ብቻ። "ማሚ፣ አክስቴ ጋ ድመት አለ!" ደስ ብሏታል። ደስ ይበላት... አንጀቴ ግን አረረ።

ጥር 9
ኪኒኑ ሆዴን ገለበጠው። ሳሉ ወይ ፍንክች!

ጥር 26
ውጤቱ መጣ። ነቀርሳ አይደለም! የሱ የሩቅ ዘመድ ነው አለ ሐኪሙ። ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አብዛኛው መድኃኒት የማይበግረው። ሌላ ኪኒን፣ ዓመት ከመንፈቅ ያህል።

"ልጄስ?" አልኩት።

"ይሄ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ማለት ይቻላል።"

ታዲያ ለምን ነበር ያ ሁሉ? ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በበሽታዬ መሰለው፤ ሶፍት ሰጠኝ ምስኪን።

ጥር 27
አይተላለፍም አሉ፣ ልጄን መልሺልኝ ብዬ ለባሌ እህት ደወልኩ። "ሐኪም ምን የማይለው አለ? መጀመሪያስ ነቀርሳ ነው ብሎ አልነበር?" አለችኝ። እውነቷን እኮ ነው፣ ድብን ልበል! ባሌ ስልኩን ነጠቀኝና "እሑድ ይዘሻት ነይ" አላት። ለካ አፍ አለው!

የካቲት 1
መጡ። ቁመቷ ጨምሯል። አቀፍኳት። እጇን እንኳ ሳታነሳ ቆመችልኝ... ሽንት ቤት ልሂድ ብላ አስፈቀደችኝ። በገዛ ቤቷ!

በላች፣ ተጫወተች። ሲመሻሽ ጫማዋን አጥልቃ አክስቷ እጅ ላይ ተንጠለጠለች።

"ቤታችን እንሂድ።"

የባሌ እህት እንኳ ክው አለች። "ቤትሽ'ኮ እዚህ ነው" አለቻት። ልጄ እሪ አለች። ምን ላድርግ? እያለቀሰች ልያዛት? ጃኬቷን እኔ ነኝ የቆለፍኩላት።