ወፍጮው ዝም ባለ ቀን

ኅዳር 8

ዛሬ የጠገንኩት ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ የእጅ ባትሪ። ከዝቋላ የመጣው ሰውዬ ባመጣው ሬዲዮ ውስጥ በረሮ ቤት ሠርቷል። ጠርጌ መለስኩለት፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም። "እንግዲህ ዜናውን አብረን ስንሰማ ነበር" አለና ሳቀ።

ከሰዓት ዘከሪያ ከሱቁ ወጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። በረንዳው የእሱ ነው። ጥጉን ሲሰጠኝ ኪራይ አልጠየቀኝም። ቢትኮይን ሰምተሽ ታውቂያለሽ አለኝ። ስሙን ብቻ አልኩት። ስልኩ ላይ አሳየኝ... የጫማ ካርቶን የሚያህል ማሽን፣ ፊትና ኋላው ማራገቢያ። ቀን ከሌት ሒሳብ ይሠራል፣ ለሒሳቡ ይከፈለዋል። ከመብራትና ከኢንተርኔት በቀር የሚበላው የለም። ያገለገሉ ስድስት ሊያመጣ አስቧል። ፈቃዱን አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ሰላሕ እየጨረሰ ነው።

ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነው። መስመራችን ይችላል ወይ?

ለክቼ እነግርሃለሁ አልኩት።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘከሪያ በረንዳው ላይ ይጠብቀኛል። በበዓል አልሠራም። ግን መለካት ሥራ ነው እንዴ? ማረስ አይደለም፣ መፍጨት አይደለም። መልቲሜትሩን አወጣሁ።

ባዶውን 224 ቮልት። ከዚያ ሚስቱ ዓሲያ ከጎረቤት ስቶቭ ለቃቅማ መጣች። ጓዳው ውስጥ ደርድረን ሁሉንም ሰካን። ድስት ያልተጣደበት ስቶቭ ሁሉ ሲቀላ አይታ "ለማን ድግስ ነው?" አለች። ስድስቱ ማሽን ከሚጎትተው ብዙም አያንስም። ወደ 219 ወረደ፣ እዚያው ቆመ። ገመዱ ይሞቃል፣ በወፍራም መቀየር አለበት። ብሬከሩም።

ከተማው ጸጥ ብሏል። ፀሐይዋ ደግ ናት።

"ይችላል" አልኩት።

ኅዳር 17

ዘከሪያ አይሱዙውን ሸጠ። ከወልድያ ዕቃ የሚያመጣበትን። ሱቁም ቤቱም የቆሙት በእሱ ነበር። ዓሲያ መኪናው ሲወጣ በር ላይ ቆማ አየች። እኔም እስኪያልፍ መበየጃ ካውያዬን አላነሳሁም።

ታኅሣሥ 3

መጡ። በጆንያ ተጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ። አቧራቸው የሌላ አገር አቧራ ነው፣ ግራጫና ዘይት ያለው። በብሩሽ አራገፍኳቸው። ማሽኑ ለብቻ፣ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻ። ሰፕላዩ የግድግዳውን መብራት ወደ አሥራ ሁለት ቮልት ያወርድለታል፣ ማሽኑ የሚበላው ያንን ነው።

ሰላሕ በስልክ ሊያስረዳኝ ሞከረ። እሱም ከሻጩ የሰማውን ነው የሚነግረኝ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር... ተወው አልኩት፣ አያለሁ።

ታኅሣሥ 4

በስልክ ቪዲዮ አየሁ። ቋንቋው አይገባኝም። እጁን ነው የማየው። ሰውዬው ጥፍሩን ያልቆረጠ ነው ግን እጁ አይቸኩልም።

ማሽኑ ውስጥ ሦስት ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ሦስት መሰኪያ ይፈልጋል። አሥረኛው ለመቆጣጠሪያው። ከአንዱ ሰፕላይ ላይ ሦስት መሰኪያ ተቆርጧል። ዘከሪያ ከጎኑ ካለው ሰፕላይ ሁለት ሦስቱን ቢበደርስ አለ። አይሆንም አልኩት። አንድን ሰሌዳ ሁለት ሰፕላይ አያበሉትም። ሁለቱ መቼም እኩል አይሰጡም። አንዱ ትንሽ ከበለጠ የሌላውንም ሸክም ይወስዳል፣ ገመዱ ይቀልጣል። እርምጃቸው የማይገጥም በሬዎች እንደመጥመድ ነው።

"በሬ የት አውቅልሽና" አለኝ። ነጋዴ ነው።

ከተጣለ ኮምፒውተር ላይ ሦስት መሰኪያ ቆርጬ በየድኩለት። ያ ኮምፒውተር ስንት ነገር ሆነ... እኔም የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከእንዲህ ያለ ቅራቅንቦ ነው።

ታኅሣሥ 7

ጠዋት አስነሳን። አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ጩኸታቸው ንብ አይደለም፣ አውሎ ነፋስ ነው። ዘከሪያ ይስቃል፣ ድምፁ አይሰማም። ስድስቱም ተነሡ። አረንጓዴ መብራታቸው በራ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ሁሉም ጠፉ። እንደገና ተነሡ። ጠፉ። ዘከሪያ ማብሪያውን እየመላለሰ ይጫናል። ተው ስለው እጁ አልቆመም። ከአንዱ ሰፕላይ ጭስ ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ... የተቃጠለ ካፓሲተር ነው።

መስመሩን ለካሁ። 176።

ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው ከ200 እስከ 240 ይላል። ከዚያ በታች ራሱን ያጠፋል። ጥፋቱ የሰፕላዩ አይደለም።

ግን 224 ነበር እኮ። በገዛ ዓይኔ ያየሁት።

ታኅሣሥ 8

መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ሰክቼ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥኩ። ማሽኖቹ እንደጠፉ ናቸው። ጠዋት 221። የብየዳ ቤቱ ሲጀምር ይዋልላል። የአያ ቅጣው ወፍጮ ሲነሳ ወደ 180 ይወርዳል። ለምሳ ወፍጮው ሲቆም ይመለሳል። ሲነሳ ይወርዳል። አንድ ትራንስፎርመር ላይ ነን፣ እሱ ከእኛ ይቀርበዋል።

አዝመራው ገብቷል። አሁን እህል ከየአቅጣጫው ይመጣል። ወፍጮው እስከ ፋሲካ አያርፍም።

በሚካኤል ወፍጮ ቤት ማን ይሄዳል? ብረት ማን ይበይዳል? አገር ሁሉ እጁን በሰበሰበበት ቀን ለክቼ ነው "ይችላል" ያልኩት። በዓል አክባሪ ሆኜ በዓሉን ረሳሁት።

ነገ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 9

ነገርኩት። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ደጄ፣ ይችላል ብለሽኝ የለ?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"የለካሁት በሚካኤል ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከጆንያው ላይ ተነሳ። ዓሲያ መጋረጃውን ገልጣ ሰምታ ኖሮ "አይሱዙዬን ሚካኤል ነው የበላው በይኛ" አለች። ሚካኤልን ተዪው፣ እኔ ነኝ አልኳት። መጋረጃውን መለሰችው።

ታኅሣሥ 11

በማታ እናስነሳቸው ብሎ ነበር ዘከሪያ። ትናንት ሞከርን። እራት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ምጣድና ስቶቭ ይጎትተዋል። ሰው ሲተኛ መስመሩ ደህና ነው፣ ግን እማሆይ ዓይናዲስ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ጠዋት መልእክት ላኩበት፦ ጸሎታቸው መሀል አውሮፕላን እያረፈ ነው። ማታው በዚሁ ቀረ።

ታኅሣሥ 12

ወርኃዊው ሚካኤል። 223። የተቃጠለውን ሰፕላይ ከፍቼ ሁለት ካፓሲተር ቀይሬለት ነበር፣ ያዘ። ስድስቱም ሲሠሩ ዋሉ።

አያ ቅጣው በነጠላው እንዳለ ሊያያቸው መጣ። ረጅም ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከነጩኸታቸው አያቸውና "የኔ ወፍጮ ቢያንስ ዱቄት ይሰጣል" አለ። ባለፈው ሰኞ ሞተሩ ሲያቃስት የዋለው በእነዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገርኩት። አልተቆጣም። እኔ በበዓል አልፈጭም፣ በዚያን ቀን መስመሩ የእናንተ ነው አለ። በሥራ ቀን ግን እንዳትነኩኝ።

ዘከሪያ እጁን ጨበጠው።

ታኅሣሥ 20

ዘከሪያ ጠዋት በረንዳው ላይ ሲደምር ሰማሁት። አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። እሑድ እሑድ። እኔ አንዱን ዘልዬ ብቆጥር ያርመኛል።

አይበቃም። ማሽኑ ቀን ከሌት ካልሠራ የበላውን መብራት እንኳ አይመልስም ይላል ሰላሕ።

ታኅሣሥ 24

ትናንት ዘከሪያ ወፍጮ ቤት ሄዶ አያ ቅጣውን ነገ ተክለ ሃይማኖት አይደለም ወይ አለው። ነው፣ ግን እኔ አልይዘውም አለ ቅጣው። አባትህ ይይዙት ነበር አለው ዘከሪያ፣ ሰው ሁሉ ያወራል፣ የአባትን መተው ጥሩ አይደለም... የዱቄት ተራ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ቅጣው የሳቀው መጨረሻ ላይ ነው።

"ዘንድሮ ሃይማኖቴን የሚያስጠብቀኝ ዘከሪያ ሆነ" አለ።

ዛሬ ተክለ ሃይማኖትን ግን ፈጨ።

ጥር 5

ትልቅ ስታብላይዘር ልግዛ ወይ? ዘከሪያ ጠየቀኝ። የወረደውን ቮልት ያነሳልሃል፣ ግን የሚጨምረውን የሚስበው ከዚሁ ሽቦ ነው፣ የቅጣው ሞተር ጨርሶ ይቆማል፣ ትራንስፎርመሩም አይታመንም አልኩት። ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ የምለውን ሳላጣራ አልልም። ይህን ለእሱ አላልኩትም፣ እዚህ ነው የምጽፈው።

ሊሸጣቸው ነው። ሰላሕ ገዢ አግኝቷል። ምትኩ የሚባል፣ ኮምቦልቻ የራሱ ትራንስፎርመር ያለው መጋዘን አለው አሉ። ሲሠሩ ካላየሁ አልገዛም ብሏል።

ጥር 14

ምትኩ በዓል ጠብቆ አልመጣም። የገበያ ቀን ነው የመጣው፣ ወፍጮው በር ላይ አህያ እስከ መንገድ ተሰልፎ።

ዘከሪያ ቅጣውን ሊለምን ሄደ፣ አብሬው ሄድኩ። አንድ ሰዓት ብቻ። ቅጣው ሰልፉን አየ። እኔ ምን አገባኝ፣ ባለ እህሎቹን ጠይቃቸው አለ። በኽምጥኛ፣ በቋንቋቸው፣ ነገራቸው። አጉረመረሙ። ከዝቋላ የመጣች አንዲት ባልቴት ማሽኑ ምን ይፈጫል ብላ ጠየቀች። ምንም አላት ቅጣው። ምንም ለመፍጨት አንድ ሰዓት? አለችና ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ።

ወፍጮው ቆመ።

ስድስቱን አስነሳሁ። 220። ምትኩ ጆሮውን ይዞ እየዞረ አየ፣ ስልኩ ላይ ሒሳባቸውን አየ፣ የበየድኩትን መሰኪያ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣንና ያልጠበቅነውን አለ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ መጋዘኑም ሞልቷል። እዚህ ብርድ ነው፣ መስመራችሁም ጥሩ ነው። ማሽኖቹን ይገዛል፣ ግን እዚሁ ይቀመጡ። ጓዳውን ይከራያል፣ ዘከሪያ ጠባቂ ሆኖ በየወሩ ይከፈለዋል። ተጨማሪም ሊያመጣ ይችላል።

ዘከሪያ አንገቱን ቀና አደረገ። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ አላየሁትም። ዓሲያ በር ላይ ቆማለች።

ምትኩ ወደ እኔ ዞረ። "የሚያገናኙት እርስዎ ነዎት አሉ። መስመሩ ሁሌ እንዲህ ነው?"

ዘከሪያ አየኝ።

"አይደለም" አልኩ። "ወፍጮው ለእናንተ ብሎ ቆሞ ነው። ሲነሳ 180 አይሞላም።"

ሰዓቱ ሲሞላ ቅጣው ወፍጮውን ላስነሳ ወይ ብሎ ሰው ላከ፣ ምትኩም ያስነሳ አለ። ወፍጮው ተነሳ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

ምትኩ ዋጋውን ቀንሶ ገዛቸው። አስጭኖ ይወስዳል። ኪራዩ ቀረ።

ጥር 15

ጫኑ። እያንዳንዱን ሰፕላይ ከየማሽኑ ጋር አሠርኩ፣ እንዳይቀያየሩ። ዘከሪያ አላናገረኝም። ያገኘው ብር የአይሱዙውን ዋጋ ግማሽ እንኳ አልመለሰለትም።

ጥር 18

ጠዋት ስመጣ ጥጌ ላይ የስኳር ጆንያ ተከምሯል። ጠረጴዛዬ ተጣጥፎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ዓሲያ ቦታ ጠበበን እኮ አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። አንድ ሙሉ ጓዳ ባዶ ነው።

እሺ አልኳት።

ጥር 19

አያ ቅጣው ወፍጮ ቤቱ በር አጠገብ ቦታ ሰጠኝ። ሁሉ ነገር ዱቄት ነው።

ጥር 27

ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ በዛ። የእህላቸው ተራ እስኪደርስ ያሠራሉ። አንድ የሰሃላ ሰው ስልኩን ገና ሳልከፍተው የሠራሁት መስሎት አመሰገነኝ። ምን እለዋለሁ?

መልቲሜትሩን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር አንድ ጊዜ፣ ወፍጮው ሲበረታ አንድ ጊዜ እሰካለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ልማድ ሆነ።

ዘከሪያ በሰው መኪና ወደ ወልድያ ሲወርድ አየሁት። ከላይ፣ ጭነቱ ላይ። እጁን አላነሳም። እኔም... አላነሳሁም።

የካቲት 6

ነጭ ቀን፣ በዓል የለም። እስከ አራት ሰዓት መብራት አልነበረም፣ ወፍጮውም እኛም ተቀመጥን።

ዘከሪያ የዓሲያን ሬዲዮ ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ፊት ሦስት ሰው ነበር። ከኋላቸው ቆመ። ቅጣው አይቶት "ሼህ፣ ዛሬ ማነው ታቦቱ?" አለው። ሰዉ ሳቀ። ዘከሪያም ትንሽ።

ተራው ደረሰ። ሬዲዮውን ከፈትኩት። የባትሪ ድንጋዩ ደክሟል እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። የእሱ ሱቅ ውስጥ ሙሉ ድንጋይ አለ። እሱም ያውቃል።

ብሎኑን ቀስ ብዬ መለስኩ።

"ምትኩ ማሽኖቹን እዚሁ ትቷቸው ቢሆን በማግስቱ ምን እለው ነበር?" አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም።

ዓሲያ ስኳሩን ወደ ጓዳ አስገብታዋለች አለ። በረንዳው ክፍት ነው። እዚህ ዱቄቱ አያስነጥስሽም ወይ? ያስነጥሰኛል አልኩት። ቅጣው ሰምቶ፣ ያስነጥሳታል፣ ከእኔ እየደበቀች ነው እንጂ አለ።

የቀረውን ሥራ ልጨርስ አልኩ። ጠበቀ። የመጨረሻውን ሰው ሬዲዮ ስሰጠው ዘከሪያ ጠረጴዛዬን ገልብጦ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው። እግሮቹ ወደ ላይ። ነጋዴ ሰው በገበያ መሀል እንዲህ ሲሄድ አይተው አያውቁም፣ መንገድ ይለቁለታል።

ካውያውንና መልቲሜትሩን በከረጢት ይዤ ከኋላው ሄድኩ።