መስቀል ያለበት ዳቦ

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ዩለስ፣ አሜሪካ

ዛሬ ምሳ ሰዓት፣ አብራኝ ኪችን የምትሠራው ሞሪን የአየርላንዳዊት አያቷን ዳቦ ጋግራ አመጣች። ላዩ ላይ በቢላ የተሰነጠቀ መስቀል አለው። እኔ ሞኟ መስቀሉን ሳይ የጾም መሰለኝ። ሶ አማትቤ በላሁ። ሁለተኛውን ቁራሽ ስጀምር፣ «ምን ብትጨምሪበት ነው እንዲህ የለሰለሰው?» አልኳት።

«ባተርሚልክ» አለችኝ። አሬራ! በሁዳዴ!

«ታዲያ መስቀሉ ለምንድነው?»

«እኔ እንጃ። አያቴ ሁሌ ታደርገው ነበር። ካላደረግኩት የሷ ዳቦ አይመስለኝም» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ለንስሐ አባቴ ኮል አድርጌ ምን ልበላቸው? ጾም ገደፍኩ? ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ ሁለተኛውን የጨረስኩት ካወቅኩ በኋላ ነው። አማትቤበት እንዴት ልጣለው?