የአባዬ አራት አውሮፕላኖች

ጥቅምት 3
መርሳ ዛሬም ሙቀት። ፋርማሲው ጭር ብሎ ዋለ። ባንኮኒው ሥር ስልኬን ይዤ አየር መንገዴን ሳስተዳድር ዋልኩ... በሠላሳ አንድ ዓመቴ ጌም! ምኑ ነው የሚጣፍጠኝ? አንዱ ከድሬዳዋ ሲነሳ ሌላው ጅማ ሲያርፍ፣ ሁሉም በሰዓቱ። በሰዓቱ የሚሆን ነገር የማየው እዚያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እትዬ መሪማ የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ ገብታ፣ "ነሲባ፣ ለብቻሽ ትስቂያለሽ፤ ማነው እሱ?" አለችኝ። አውሮፕላን ነው ብላት መች ታምናለች? የአስር ሶላት ሰዓት ሳይደርስ ለግማሽ መርሳ አዳርሳ ድራኛለች።

ጥቅምት 5
ከአባዬ ጋር ወልድያ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ። ግላኮማ ነው። ፊት ለፊት ደህና ያያሉ፤ ከጎን የሚመጣውን ግን አያዩም። "ጋሽ ጀብሪል፣ ከእንግዲህ መኪና አይንዱ።" አሉ ሐኪሙ። ሠላሳ ዓመት ሚኒባስ እየነዱ ከመርሳ ወልድያ የተመላለሱ ሰው...

ስንመለስ ሚኒባሱን ራሳቸው ነዱ። ሲሪንካ ላይ ከቀኝ ባጃጅ ገባ። እኔ ጮህኩ፤ እሳቸው ጭራሽ አላዩትም። ለጥቂት ተረፍን፣ አልሀምዱሊላህ።

ቁልፉን ይስጡኝ ብላቸው፣ "በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?"

ጥቅምት 6
ቁልፉ ትራሳቸው ሥር ነው። ነገ ሰው ሊጭኑ ነው! ሰባት ዓመት ረዳታቸው የነበረ በላይ የሚባል ልጅ አለ፤ አሁን መንጃ ፈቃድ አለው። "እኔ ልንዳ፣ ጋሼ" ቢላቸው፣ "መኪናው የማን ነው?" አሉት። ሁለታችን ተማከርን። ባትሪውን ፈትቶ ወሰደው... "ሞቷል፣ ወልድያ ቻርጅ እየተደረገ ነው" ተባለ። ውሸቱ ስንት ቀን ይዘልቃል?

ጥቅምት 8
አባዬ ቤት ውለው ጠባያቸው ከፋ። የአውሮፕላኑን ጌም ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። እንግሊዝኛውን እኔ አነባለሁ። ፈልገው ፈልገው...
"መሪው የታለ?"
"የለውም፣ አባዬ። አንቱ አይነዱም። አብራሪ ይቀጥራሉ፣ መስመርና ሰዓት ያወጣሉ።"
"ታዲያ ይሄ ምኑ ሥራ ነው?" ፍራሹ ላይ ወረወሩት።
ከመግሪብ በኋላ፦ "ያንን ነገር እስቲ አምጪው..."

ጥቅምት 11
ሳቅ ገደለኝ! ሁለት አውሮፕላን ገዝተው በአካባቢያችን ከተሞች ስም "ግራና" እና "ሲሪንካ" ብለዋቸዋል። ግን ሳይሞላ አያስነሱም! "ሦስት ወንበር ቀርቷል፤ ይጠብቅ።" መናኸሪያ መሰላቸው። ተሳፋሪው ተማሮ ሄደ፣ "ግራና" ባዶዋን ተገተረች።
"ወዴት ይሄዳሉ? ከእኔ ሌላ ማን ይወስዳቸዋል?"
"ሌላ አየር መንገድ። በሰዓቱ የሚነሳ።"


በላይ ደወለ። አባዬ ስለ ባትሪው በቀን ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል። ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም አለ። እውነቱን ነው።

ጥቅምት 15
የአባዬ አውሮፕላኖች አራት ደርሰዋል። ሁሉም በሰዓት ይነሳሉ፣ ሞሉም አልሞሉም። ጥርሳቸውን እየፋቁ "ሲሪንካ ገባች?" ይሉኛል። እትዬ መሪማ ካጥር ማዶ ሰምታ፣ "እንዴ! ጋሽ ጀብሪል ሲሪንካ ላይ ሴት አላቸው?"

ዛሬ ግን... ጌሙ መልእክት አመጣ። አነበብኩላቸው። አንድ አንጋፋ አብራሪ የጤና ምርመራ ወድቋል፤ ይብረር ወይስ ይውረድ?
"ይውረድ እንጂ! የሰው ነፍስ ጭኖ..." አሉና ቆሙ። ስልኩን መለሱልኝ። እራትም አልበሉ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ጥቅምት 16
በላይ ባትሪውን መልሶ ገጠመው። ፈራሁ።

ጥቅምት 17
ጠዋት ትራሳቸውን ገለጥኩ። ቁልፉ የለም። እሳቸውም የሉም። ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ ሞተሩ ተነስቷል። መሪው ላይ... በላይ! አባዬ ከውጭ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።
"ጋሼ፣ ሁለት ወንበር ቀርቷል። ትንሽ እንጠብቅ?"
"አንድ ሰዓት ብለናል፣ አንድ ሰዓት ነው። ንቀል!"
ተራ አስከባሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዲት ተሳፋሪ እልል አለች።

ከዚያ አባዬ ፋርማሲዬ ገብተው ተቀመጡ። ግድግዳ ሰዓቴን ብቻ ያያሉ። ስልካቸው ሲጮህ እኔ ነኝ የደነገጥኩት። በላይ ነው፤ ወልድያ ገብቷል፣ በሰላም።

ቁልፉ ድሮ ይኖርበት የነበረውን ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። "የመልሱን ሰዓት ስንት ነበር ያልነው?" አሉኝ።

ኡፍፍ... ዛሬ ሲሪንካ ላይ ባጃጅ ከቀኝም ከግራም ይምጣ፤ በላይ ያያል።