ስለ አዲሱ በረኛችን ስለ ጋሼ ጥበቡ

ለተከበሩ ዶክተር ፍቅሩ
የደን ዳር ኮሌጅ ዲንና የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን የበላይ ጠባቂ
ሚዛን ተፈሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ሰሞኑን ነጭ ቀለም ለተቀቡት የጎል ቋሚዎቻችን የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ከፈለኝ እባላለሁ፤ በከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ የኮሌጅዎንም ቡድን በዝናብ ጊዜ ሁሉ፣ በሚዛን አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ ማለት ነው፣ ከሜዳው ዳር ቆሜ ስደግፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ ይዤ መምጣት ይገባኝ ነበር። ይሁንና በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ስብሰባዎን ከማውክ ይልቅ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ መጻፉ ለእርስዎም ክብር የተሻለ መስሎ ታየኝ።

የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ዕለት በድምፅ ማጉያ እንዳበሰሩን፣ በመጪው የውድድር ዘመን የደቡብ ምዕራብ ኮሌጆች ዋንጫ ያለ ጥርጥር ወደ ደን ዳር ይመጣል። ብሥራቱን በጭብጨባ ተቀብለነዋል፤ ማጨብጨብ ለምዶብናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋንጫውን የሚያመጣልን አዲሱ ማልያ ነው ተብለን አጨብጭበን ነበር፤ ማልያው የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ ቀይ ቀለሙን ለቀቀና ልጆቻችን እስከ ካልሲያቸው ድረስ ሮዝ ሆነው ከሜዳ ወጡ። ቀጥሎ ዋንጫውን የሚያመጣው አውቶቡስ ነው ተባልን፤ ወደ ማሻ ስንሄድም አውቶቡሱን ዳገቱ ላይ የገፋነው እኛው ነበርን። ከዚያ በኋላ መልካም ዜና በሰማሁ ቁጥር ኪሴን መዳበስ ልማድ ሆኖብኛል፤ ጎሉ ቀለም ሲቀባም ማን ሊመጣ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ዘንድሮ እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር። የተስፋዬ ምክንያት ቤኪ ነው።

እርስዎ በሚገባ ያውቁታል፤ ለማያውቁ አንባቢያን ስል ብቻ ላስታውስ። ቤኪ የሦስተኛ ዓመት የእንስሳት ጤና ተማሪና የቡድናችን በረኛ ነው፤ ዘንድሮ ይመረቃል፤ ስለዚህ ይህ የመጨረሻ ውድድሩ ነው። ቤተሰቦቹ ከቴፒ ወጣ ብሎ የቡና ማሳ አላቸው። አምና ግማሽ ፍጻሜው ሲቃረብ አባቱ ታመው አልጋ ያዙ፤ የቀላው ቡናም በየዛፉ ሥር መርገፍ ጀመረ። ልጁ ጓንቱን ለአሰልጣኙ አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። እኛም አንድ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ጎል ላይ አቁመን ከማሻ በመጣው ቡድን ያለ ልክ ተሸነፍን። በማግስቱ እርስዎ ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት የቤኪን ስም ጠርተው የቡድኑን አደራ በአንድ ጆንያ ቡና የለወጠ ልጅ ነው አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

 ቤኪ ክረምቱን ቤቱ አልተቀመጠም፤ በየጎረቤቱ ማሳ እየዞረ አረም ሲያርም ከረመ። ነገሩን ያቀደችው እህቱ ሐሴት ናት። እሱ ክረምቱን በጉልበቱ ያግዛቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ቡናው ሲደርስ በደቦ ወጥተው ይለቅሙለታል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶችም ተጨመሩ። ቀበሌው በሙሉ አንድ ልጅ ጎል ላይ እንዲቆም ብሎ ቅርጫት አንግቷል፤ እኔ በዚህ አገር ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቤኪም በጥቅምት ጓንቱን ይዞ ወደ ኮሌጁ ሲመለስ ቦታው ላይ አዲስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቆሞ አገኘ። ጋሼ ጥበቡ ይባላሉ።

ክቡርነትዎ ትዕግሥት ካለዎት፣ ከዚህ የተነሡትን ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኮሌጅዎ ለጎልማሶች ትምህርት ያሳየውን ፍቅር ከልብ አደንቃለሁ። ጋሼ ጥበቡ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ክፍል ተማሪ ናቸው መባሉን ሰምቼ፣ የክፍል ጓደኞቻቸውን እንዴት ናቸው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ጎበዝ ናቸው አሉኝ እንጂ ክፍል ውስጥ ስላለው ነገር የሚያውቅ አላገኘሁም። የውድድሩ ደንብ ተሰላፊው በመደበኛ ትምህርት ላይ ያለ ተማሪ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ምናልባት በርቀት ዓይነት መደበኛነት ይማሩ ይሆናል፤ ይህን እርስዎ ያስረዱናል ብዬ እጠብቃለሁ። እኔ ራሴ ከጋሼ ጥበቡ ጋር ከዚህ ቀደም የት እንደተዋወቅን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ሳምንት ከቴፒ ወጣቶች ጋር ስላደረግነው የወዳጅነት ጨዋታ ነው። በነገራችን ላይ ጋሼ ጥበቡ በጉብዝናቸው ዘመን ግሩም በረኛ ነበሩ፤ ይህን አልክድም፤ አሁንም ኳስ ሲይዙ እጃቸው ያምራል። ችግሩ ያለው ከፊታቸው በሚሰለፉት ልጆች አስተዳደግ ላይ ነው። የመሀል ተከላካያችን ሙሴ በሥርዓት ያደገ የሰው ልጅ ነው። በሁለተኛው ግማሽ አንድ ቀላል ኳስ በእሱና በበረኛው መካከል ስትንከባለል መጣች። ቤኪ ቢሆን ኖሮ «ተው! የኔ ነች!» ብሎ ይጮህበት ነበር፤ ሙሴም ዞር ይልለት ነበር። ሙሴ ግን በአባቱ ዕድሜ ያለ ሰው ፊት መቅደሙን እንደ ነውር ቆጥሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «ጋሼ፣ ይውሰዷት» አለ። ጋሼ ጥበቡም ጨዋ ሰው ናቸውና «ኧረ አንተ ውሰዳት ልጄ» አሉ። ሁለቱ ሲግደረደሩ ኳሷ ማንንም ሳታስቸግር በመካከላቸው አልፋ ጎል ገባች። የቴፒ አጥቂ እንኳ አልነካትም፤ ከሩቅ ቆሞ ነበር የሚያየው። አሰልጣኛችን በንዴት ሊሳደብ አፉን ከፈተና፣ ማንን እንደሚሳደብ ሲያስብ መልሶ ዘጋው።

ያን ጊዜ ቤኪ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። ሥራ ፈትቶ ግን አልተቀመጠም፤ የጋሼ ጥበቡን መነጽርና ስልክ ይዞ ነበር። ስልኩ ሲጠራም አንሥቶ «ጋሼ ጎል ላይ ናቸው፣ ሲወጡ ይደውላሉ» እያለ ለባለቤታቸው በትሕትና ሲመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሦስተኛ፤ እርስዎ በአቀባበሉ ዕለት «ዘንድሮ ቡና በደረሰ ቁጥር ወደ ቤቱ የማይሮጥ በረኛ አግኝተናል» ብለው ተናግረዋል። ክቡር ሆይ፣ ጋሼ ጥበቡ የቡና ማሳ እንደሌላቸው እኔም እመሰክራለሁ። ያላቸው አይሱዙ ነው። የሚዛንን፣ የቴፒንና የጌጫን ነጋዴ ቡና ጭነው የሚያመላልሱ ሰው ናቸው፤ ቡናው ሲደርስ ቤኪ ወደ ማሳው ቢሮጥ፣ እሳቸው ከነጭነታቸው አዲስ አበባ ይገባሉ። በወዳጅነት ጨዋታው ዕለት እንኳ መኪናው ተጭኖ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ሰውየውም ሸራው እንዳይፈታ እያሉ ከኳሷ ይልቅ ወደ ኋላቸው ሲያዩ ነው ያመሹት። ከቡና ሽሽተው ቡና ጫኝ ማግኘትዎ ጥልቅ ጥናት ያለበት ሥራ ነው፤ አጥኚዎቹን ባውቃቸው እጃቸውን እጨብጣቸው ነበር።

አራተኛ፤ ምሥጢር ስለመጠበቅ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ከሚዛን እስከ ማሻ፣ ከቴፒ እስከ ጌጫ ባለው መንገድ ላይ ጋሼ ጥበቡን የማያውቅ የምግብ ቤት ባለቤት የለም። የወዳጅነት ጨዋታውን የመሩት የቴፒ ዳኛ ራሳቸው ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት እቅፍ አድርገው ሰላም ካሏቸው በኋላ የመኪናውን ጎማ ቀየርከው ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል። ተጋጣሚዎቻችን ክስ ለማቅረብ የሚቸገሩ ይመስልዎታል? ያሸነፍነውን ጨዋታ ሁሉ በፎርፌ እንነጠቃለን። የሚያሳዝነው ደግሞ ያን ጊዜም ተጠያቂ የሚሆነው ሌላ ሰው መሆኑን ከወዲሁ መጠርጠሬ ነው፤ «ቤኪ ቢታመን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ከአሁኑ ይሰማኛል።

አምስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። ጋሼ ጥበቡን እኔ የማውቃቸው በትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ልጃቸውን ህሊናን አስተምሬያታለሁ። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስለ ጠባይዋ ከውጤቷ አስቀድመው የሚጠይቁ አባት ነበሩ። ህሊና ዛሬ የእርስዎ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እንግዲህ በደን ዳር ኮሌጅ ታሪክ አባት ከልጁ በአንድ ዓመት ሲያንስ ይህ የመጀመሪያው መሆን አለበት። በአቀባበሉ ዕለት ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን ግቢውን እያዞሩ እንዲያሳዩ በታዘዘው መሠረት፣ አባቷን ቤተ መጻሕፍቱ ይህ ነው፣ መመገቢያው ያ ነው እያለች ያዞረቻቸው እሷ ናት ይባላል። ፊቷ በዚያ ቀን ምን ይመስል እንደነበር የነገረኝ ሰው አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ልምምድ ሲያደርግ በሜዳው በኩል ማለፍ ትታለች።

ጋሼ ጥበቡን አልወቅስም። መንገድ ላይ አግኝቼ ሳነጋግራቸው አንገታቸውን ደፍተው «መምህር፣ ለከተማዬ ብዬ ነው፤ በረኛ የላቸውም ብለውኝ ነው» አሉኝ። በረኛ የለንም ተብለው ነው የገቡት። ይህን ማን እንዳላቸው አልጠየቅኳቸውም፤ መልሳቸው ወዳጅነታችንን እንዳያበላሸው ፈርቼ ነው፤ የእኔንና የእርስዎን ወዳጅነት ማለቴ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ጓንቱን ለቤኪ ይመልሱለት። ዋንጫ ይመጣል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ቡድናችን የጎን ተከላካይ የለውም፤ አጥቂያችንም ጭቃ ላይ መቆም አይችልም፤ ቤኪ ራሱ በማዕዘን ምት ጊዜ አወጣጡ ያስፈራኛል። ምናልባት ከምድባችን እንኳ አናልፍ ይሆናል። ግን ስንሸነፍ የምንሸነፈው እኛ እንሆናለን፤ ሙሴም የሚጮህበት ሰው ያገኛል፤ ጋሼ ጥበቡም ከጎሉ ጀርባ ሆነው እንደ ማንኛውም አባት ከልጃቸው ጋር ያጨበጭባሉ። እኔ ለልጆች ሥነ ዜጋ ሳስተምር አደራ የሚለውን ቃል በየዓመቱ አስረዳለሁ። አምና እርስዎ ያንን ቃል በቤኪ ላይ ሲጠቀሙበት በትርጉሙ ላይ ተስማምተን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ዘንድሮ የተለወጠ ነገር ካለ ተማሪዎቼን እንዳላሳስት ቢያሳውቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለነጩ ቀለም፣ ለድምፅ ማጉያው፣ ከዓመት ዓመት ላልነጠፈው ተስፋዎ እጅ ነሥቼ፣ በሰፊው ወንበርዎ ላይ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜም አጨብጫቢዎ፣
መምህር ከፈለኝ
ከሜዳው ዳር፣ ጣሪያ ከሌለው በኩል

የግርጌ ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ለጉዳይ ቴፒ ሄጄ የቤኪን እህት ሐሴትን ገበያ ላይ አገኘኋት። እጇ በቡና ጠቁሯል። የመጨረሻውን ቡና ከእሑድ በፊት እንደሚጨርሱት፣ እሑድ የመጀመሪያው ጨዋታችን ቴፒ ላይ ሲደረግም ለቀማ የወጣው ሰው በሙሉ፣ አባቷም በሰው ተደግፈው፣ ሜዳ እንደሚገቡ ነገረችኝ። ወንድሟ የነገራት ነገር እንደሌለ ገባኝ። ከቤኪ ጎል ጀርባ መቀመጥ ስለሚፈልጉ በመጀመሪያው ግማሽ በየትኛው በኩል እንደሚቆም ብቻ ጠየቀችኝ። እኔም ይህን የሚያውቁት ዲኑ ናቸው አልኳት። እሷም አመስግና፣ እንግዲያው ከመካከላችን ቦታ እንይዝላቸዋለን፣ መጥተው ይነግሩናል ብላለች።